ዕድገቱን በስንት እየገዙት ነው? የአክሲዮን ዋጋን በፔግ መመዘን

ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን፣ ለገጣፎ ወይም ሰንዳፋ አካባቢ ለቦታ ዋጋ ሲጠራ ሻጩ ቦታው ዛሬ ስለሚያስገባው ገንዘብ አያወራም። «አስፋልቱ ሊገባ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በዚህ ዋጋ አያገኙትም» ይላል። ገዢውም አብዛኛውን ገንዘብ የሚከፍለው ገና ላልመጣው ነገር ነው። አክሲዮን የሚሸጥ ሰው የሚናገረውም ከዚህ አይርቅም፤ «ባንኩ በየዓመቱ እያደገ ነው» ነው ነገሩ። የአክሲዮኑ ዕድገት ግን ኦዲተር በፈረመበት ወረቀት ላይ ታትሞ ይገኛል። ስለዚህ ለነገው ዕድገት ዛሬ ስንት እየከፈሉ እንደሆነ በእጅ ስልክ ካልኩሌተር ማወቅ ይቻላል። ፔግ የሚባለው መለኪያ ሥራው ይህ ነው።

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 2017 ላይ፣ ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ማቅረብ ጀምሮ ነበር። የመሬት ካሣ የተቀበለ፣ ዕቁብ የደረሰው፣ ኮንዶሚኒየሙን ሸጦ ገንዘብ የያዘ ሰው አሁን ከቦታና ከቤት ሌላ አማራጭ አለው። አማራጩን ለመመዘን ግን የቦታ ደላላ የሚጠቀምበት ዓይን አይበቃም።

መጀመሪያ ፒኢ

ፔግ የሚነሣው ፒኢ ከሚባለው ቁጥር ነው። ፒኢ ማለት የአንድ አክሲዮን ዋጋ ለአንድ አክሲዮን ዓመታዊ የተጣራ ትርፍ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ትርፉ ባለበት ቢቀጥል የከፈሉት ገንዘብ በስንት ዓመት ትርፍ እንደሚሸፈን ይነግርዎታል።

በቤት እንየው። ኮዬ ፈጬ ያለ ኮንዶሚኒየም በ4 ሚሊዮን ብር ተጠየቀ እንበል፤ ኪራዩ በወር 10,000፣ በዓመት 120,000 ብር ነው። 4,000,000 ለ120,000 ሲካፈል 33 ገደማ ይመጣል። የቤቱ ፒኢ 33 ነው ማለት ነው። ለዚህ ነው ሰው በኪራዩ ብቻ ቤት የማይገዛው፤ ኪራዩም የቤቱም ዋጋ ይጨምራል ብሎ ነው። ኪራዩ በየዓመቱ በ10 በመቶ ያድጋል ካልን 33ን ለ10 እናካፍላለን፤ 3.3 ይመጣል። ይህ የቤቱ ፔግ ነው።

ሒሳቡ እንግዲህ ይኸው ነው፤ ፒኢ ለዓመታዊ የዕድገት መቶኛ ይካፈላል። የሚካፈለው በሙሉ ቁጥሩ ነው፤ 10 በመቶ ከሆነ ለ10 እንጂ ለ0.10 አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳትና 0.4 መሆን የነበረበት ቁጥር 40 ሆኖ ይወጣበታል። ያገኙት ፔግ ከ20 ወይም ከ30 በላይ ከሆነ መጀመሪያ ይህንን ይፈትሹ።

በአሜሪካ ማጄላን የተባለውን ፈንድ ከ1977 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ያስተዳደሩት ፒተር ሊንች ይህን አስተሳሰብ በሰፊው ያስታወቁ ሰው ናቸው። የእሳቸው መነሻ ተገቢ ዋጋ ያለው ኩባንያ ፒኢውና ዕድገቱ ተቀራራቢ ይሆናሉ የሚል ነው፤ ማለትም ፔጉ 1 አካባቢ ይሆናል። ከ1 በታች ሲሆን ርካሽ፣ ከ1 በላይ ሲሆን ውድ የሚለው ልማድ የመጣው ከዚያ ነው። ልማዱ ለእኛ ገበያ እንዳለ እንደማይሠራ ዝቅ ብለን እናያለን።

ምን ምን ወረቀት ይያዙ

የአራት ተከታታይ ዓመታት ሪፖርት ያስፈልጋል። አራት ዓመት ሦስት የዕድገት ርቀት ይሰጣል፤ ከዚያ ካነሰ አንድ ያልተለመደ ዓመት ሥዕሉን ሁሉ ያበላሸዋል። የባንኮች ሒሳብ የሚዘጋው ሰኔ መጨረሻ ላይ ቢሆንም ኦዲት ተደርጎ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ውስጥ ነው። ስለዚህ መስከረም ላይ የሚያገኙት «የመጨረሻ ሪፖርት» ከዓመት በላይ ያለፈው ሊሆን ይችላል። ጉባኤው እስኪደርስ መጠበቅ የሚጎዳ አይደለም።

ሪፖርቱ በባንኩ ድረ ገጽ ላይ ከሌለ ዋናው መሥሪያ ቤት ወዳለው የአክሲዮን ክፍል ሄደው በጉባኤው የታደለውን መጽሔት ይጠይቁ። መጽሔቱን ሲከፍቱ የፊተኞቹን ገጾች፣ የሊቀ መንበሩን መልእክትና ባለቀለም ሥዕላዊ መግለጫዎቹን ይለፏቸው። እዚያ የሚጻፈው ትልቅ መቶኛ በአብዛኛው የጠቅላላ ትርፍ ዕድገት ነው፤ ለእኛ ሒሳብ አይሆንም። በቀጥታ ወደ ኦዲተሩ አስተያየት፣ ከዚያም ወደ ትርፍና ኪሳራ መግለጫው ይሂዱ። ከገጹ ግርጌ፣ ከተጣራው ትርፍ በታች «የአንድ አክሲዮን ትርፍ» የሚል መሥመር አለ። አጠገቡ ትንሽ የማብራሪያ ቁጥር ትታያለች። ያቺን ቁጥር ተከትለው ወደ ኋላ ሲሄዱ የተጣራው ትርፍ ለስንት አክሲዮን እንደተካፈለ ያገኙታል።

እዚያ ላይ ሦስት ነገር ይጠንቀቁ። አንዳንድ ሪፖርት የአንድ አክሲዮን ትርፍን በብር ሳይሆን አክሲዮኑ ሲወጣ ከተጻፈበት ዋጋ (ከገበያ ዋጋው የተለየ ነው) አንጻር በመቶኛ ያስቀምጠዋል፤ 37 በመቶ ቢልና የተጻፈው ዋጋ 1,000 ብር ቢሆን 370 ብር ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ኩባንያው በመካከል የአንዱን አክሲዮን ዋጋ ከ1,000 ወደ 100 ብር ቀይሮ ከሆነ የቀድሞዎቹን ዓመታት ትርፍ ለ10 ካላካፈሉ ትርፉ የወደቀ ይመስላል። ሦስተኛ፣ ያለፈው ዓመት ቁጥር በዘንድሮው መጽሔት ላይ ተስተካክሎ ሊታተም ይችላል፤ ሁለቱ ከተለያዩ የአዲሱን ይውሰዱ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ አክሲዮኑ ገበያው ላይ የተመዘገበ ከሆነ የመዝጊያ ዋጋውን ይያዙ፤ ስንት አክሲዮን በዚያ ዋጋ እንደተሸጠም ይመልከቱ። ሃያ አክሲዮን የተሸጠበት ዋጋና ሃያ ሺህ የተሸጠበት ዋጋ እኩል አይታመንም። ያልተመዘገበ ከሆነ ደላላው የሚነግርዎት የአንድ ሰው ፍላጎት ነው፤ ቢያንስ ከሦስት ሻጭ ጠይቀው መካከለኛውን ይያዙ። ከኩባንያው በቀጥታ አዲስ አክሲዮን የሚገዙ ከሆነ ደግሞ በላዩ የሚጨመረው ክፍያና የአገልግሎት ወጪው ሁሉ ዋጋ ነው፤ ከኪስዎ የወጣውን ሁሉ ይደምሩ።

የአንዱ አክሲዮን ዋጋ ትንሽ መሆኑ ርካሽ አያደርገውም። የኢትዮ ቴሌኮም አንድ አክሲዮን 300 ብር ነበር፣ ትንሹ ግዢም 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር። ለሽያጭ የቀረበው 10 በመቶ 100 ሚሊዮን አክሲዮን ስለነበር ጠቅላላው 1 ቢሊዮን አክሲዮን ነው፤ ስለዚህ 300 ብር ሲከፈል ድርጅቱ በ300 ቢሊዮን ብር እየተተመነ ነው ማለት ነው። ውድ ነው ወይስ ርካሽ የሚለው የሚታወቀው ይህ ቁጥር ከትርፉ ጋር ሲተያይ ነው።

ዕድገቱ የማን ዕድገት ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ጊዜ የምንሰጠውም ለዚህ ክፍል ነው። ለሒሳቡ ብለን ያበጀነውን አንድ ባንክ እንውሰድ፤ ሀ ባንክ እንበለው። የአንዱ አክሲዮን የተጻፈ ዋጋ 1,000 ብር ነው።

በ2014 የተጣራ ትርፉ 900 ሚሊዮን ብር፣ አማካይ አክሲዮኑ 3 ሚሊዮን፤ የአንድ አክሲዮን ትርፍ 300 ብር።
በ2015 ትርፉ 1,200 ሚሊዮን፣ አክሲዮኑ 3.8 ሚሊዮን፤ የአንዱ ትርፍ 316 ብር።
በ2016 ትርፉ 1,500 ሚሊዮን፣ አክሲዮኑ 4.6 ሚሊዮን፤ የአንዱ ትርፍ 326 ብር።
በ2017 ትርፉ 2,000 ሚሊዮን፣ አክሲዮኑ 5.4 ሚሊዮን፤ የአንዱ ትርፍ 370 ብር።

ጠቅላላ ትርፉ በሦስት ዓመት ከእጥፍ አልፏል፤ በዓመት ሲሰላ 30.5 በመቶ ነው። መጽሔቱ ፊት ለፊት የሚጽፈው ይህንን ነው። በእርስዎ እጅ ያለችው አንዷ አክሲዮን ግን ከ300 ወደ 370 ብቻ ነው ያደገችው፤ በዓመት 7.3 በመቶ። ዋጋዋ 1,850 ብር ከሆነ ፒኢው 5 ነው። በጠቅላላ ትርፍ ዕድገት ሲሰላ ፔጉ 0.16 ይሆንና በነፃ የተሰጠ ይመስላል። በትክክለኛው ሲሰላ 0.68 ነው።

ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ብሔራዊ ባንክ ሚያዝያ 2013 ባወጣው መመሪያ የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ አድርጎ፣ ነባሮቹ እስከ ሰኔ 2018 እንዲያሟሉ ጊዜ ሰጣቸው። ባንኮች በእነዚያ ዓመታት አዲስ አክሲዮን እያወጡ ሸጡ፤ የትርፍ ድርሻውንም ወደ አክሲዮን ቀየሩ። እንጀራው ሰፋ፣ ቆራሹም በዛ። በተለይ አዲሱ አክሲዮን በተጻፈው ዋጋ ሲሸጥ ነባሩ ባለአክሲዮን ይጎዳል። የሀ ባንክ የአንድ አክሲዮን ሀብት፣ ማለትም ዕዳው ሁሉ ተነሥቶ ለባለአክሲዮኑ የሚቀረው፣ መጠባበቂያው ተደምሮ 1,650 ብር ሆኖ ሳለ አዲስ የሚገባው ባለአክሲዮን 1,000 ብር ከፍሎ እኩል ይካፈላልና። ስለዚህ ማንኛውንም «ትርፋችን በዚህን ያህል በመቶ አደገ» የሚል ወሬ ሲሰሙ የሚቀጥለው ጥያቄዎ አክሲዮኑስ በስንት በመቶ በዛ የሚል ይሁን።

ዓመታዊ ዕድገቱን ለማውጣት ጠቅላላ ጭማሪውን ለሦስት ማካፈል አይበቃም፤ ዕድገት በዕድገት ላይ ስለሚነባበር ቁጥሩ ይጋነናል። መንገዱ ይህ ነው፤ የመጨረሻውን ትርፍ ለመጀመሪያው ያካፍሉ፤ 370.4 ለ300፣ 1.235 ይመጣል። አሁን ራሱን በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ 1.235 የሚሰጠውን ቁጥር ይፈልጉ። ቀላሉ ስልክ ላይ በግምት ይገኛል። 1.07 ሲባዛ በ1.07 ሲባዛ በ1.07፣ 1.225፤ ትንሽ አነሰ። 1.08 ሦስት ጊዜ ሲባዛ 1.26፤ በለጠ። 1.073 ይሞክሩ፤ 1.235። ዕድገቱ 7.3 በመቶ ነው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አንድ ጊዜ የመጣን ትርፍ ማውጣት

አሁን ለ ባንክን እናምጣ፤ ይኸኛውም ለሒሳቡ የተፈጠረ ነው። ዋጋው 1,960 ብር፤ የአንድ አክሲዮን ትርፉ በ2014 180 ብር፣ በ2017 280 ብር። ፒኢው 7 ነው፤ ከሀ ባንክ ይወደዳል። ዕድገቱ ግን በዓመት 15.9 በመቶ ስለሆነ ፔጉ 0.44 ይመጣል። በፒኢ ውድ የነበረው በፔግ ረክሶ ቁጭ አለ። ፔግ የሚጠቅመውም እንዲህ ዓይነት ነገር ስለሚያሳይ ነው፤ ነገር ግን እዚህ ላይ ቆመው አይግዙ።

የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ ላይ ስለሆነ ውጤቱ የሚታየው በ2017 የበጀት ዓመት ሒሳብ ውስጥ ነው፤ በ2016ቱ መጽሔት ከፈለጉት አያገኙትም። የውጭ ምንዛሪ ሀብቱ ከዕዳው የበለጠ ባንክ ብር በወረደ ቁጥር ወረቀት ላይ ትልቅ ትርፍ ይመዘግባል፤ የተገላቢጦሽ የሆነው ይከስራል። ትርፉ እውነተኛ ነው፣ ግን በየዓመቱ አይደገምም። ፔግ ደግሞ የሚደገመውን ነው የሚፈልገው።

ለ ባንክ በ2017 ከምንዛሪ ለውጥ 286 ሚሊዮን ብር አገኘ እንበል። ይህ ከግብር በፊት ነው፤ 30 በመቶው የንግድ ትርፍ ግብር ሲነሣ 200 ሚሊዮን ይቀራል። ባንኩ 4 ሚሊዮን አክሲዮን ካለው በአንድ አክሲዮን 50 ብር ነው። ስለዚህ የሚደገመው ትርፍ 280 ሳይሆን 230 ነው። እንደገና እናስላ። 1,960 ለ230 ሲካፈል ፒኢው 8.5 ሆነ። ዕድገቱ ከ180 ወደ 230፣ በዓመት 8.5 በመቶ ሆነ። ፔጉ 1።

አንዲት መሥመር ስትወጣ ፔጉ ከ0.44 ወደ 1 ዘለለ። ምክንያቱ ያው ስህተት ሁለት ጊዜ መግባቱ ነው፤ ያበጠው ትርፍ ፒኢውን ያሳንሳል፣ ዕድገቱን ደግሞ ያገዝፋል፤ ሁለቱም ፔጉን ወደ ታች ይገፉታል። ሀ ባንክ እንዲህ ያለ ገቢ ከሌለው 0.68 እንደነበረ ይቆያል፤ ቅደም ተከተላቸውም ተገለበጠ።

የሕንጻ ሽያጭ ትርፍ፣ ከዓመታት በኋላ የተመለሰ የግብር ክርክር ገንዘብ፣ ቀድሞ ለተበላሸ ብድር ተይዞ የነበረ መጠባበቂያ ወደ ገቢ ሲመለስ የሚታየው ጭማሪም እንደዚሁ ይወጣል። በተለይ የመጨረሻውን ይፈልጉት፤ ባንክ ለማይመለስ ብድር የሚይዘውን መጠባበቂያ በመቀነስ ብቻ ትርፉን ከፍ ማድረግ ይችላል። የብድር ኪሳራ መጠባበቂያ ማብራሪያው ላይ የዘንድሮው ካምናው በብዙ አንሶ፣ ብድሩ ግን አድጎ ካዩ ያንን ትርፍ አይመኑት።

የነገው ዕድገት

እስካሁን ያሰላነው ያለፈውን ነው፤ የሚገዙት ግን የሚመጣውን። ሌላ አገር የብዙ ተንታኞችን ግምት ሰብስቦ አማካዩን መውሰድ ይቻላል፤ እኛ ዘንድ ግምቱን ራስዎ መሥራት አለብዎት። የምንመክረው መፈተሻ ይህ ነው፤ ኩባንያው በራሱ ሀብት ላይ የሚያገኘውን ትርፍ፣ ከትርፉ ውስጥ ሳያከፋፍል በሚያስቀረው ክፍልፋይ ያባዙ።

ሀ ባንክ ከ1,650 ብር ሀብት 370 ብር ያተርፋል፤ 22.4 በመቶ ነው። ከ370ው 200 ብር ቢያከፋፍል 170 ያስቀራል፤ 46 በመቶ። 22.4 በ0.46 ሲባዛ 10.3 ይሆናል። ባንኩ አዲስ ባለአክሲዮን ሳያስገባ በራሱ ጉልበት ሊያድግ የሚችለው ወደ 10 በመቶ ነው። ያለፈው 7.3 ነበር። ሁለቱ ሲለያዩ ትንሹን ይያዙ።

ከዚያ ጣሪያውን ያስቡ። ባንክ የሚኖረው ከብድር ወለድ ነው። ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 ላይ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር፤ በኋላ ወደ 18 ከፍ አድርጎት ነበር። እንዲህ ዓይነት ገደብ ባለበት ጊዜ ትርፌ በ40 በመቶ ያድጋል የሚል ዕቅድ ሲቀርብልዎ ጭማሪው ከየትኛው የገቢ መሥመር እንደሚመጣ መልስ ይጠይቁ። ዱከምና ገላን እንዳሉት ፋብሪካዎች ዓይነት አምራች አክሲዮን ማኅበር ሲሆን ደግሞ ዕድገቱ እንደ ደረጃ ነው፤ አዲስ የማምረቻ መሥመር ሲገባ ይዘላል፣ ማሽኑ እስኪሞላ ያድጋል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። የዝላዩን ዓመት ዕድገት ወስዶ ለፔግ ማካፈያ ማድረግ ከባድ ስህተት ነው።

ግምትዎን በአንድ ቁጥር አይጨርሱ። ለሀ ባንክ 4፣ 7 እና 10 በመቶ ይያዙ፤ ፔጉ 1.25፣ 0.71 እና 0.5 ይሆናል። በ10 ሲሆን የሚገዙት፣ በ4 ሲሆን የሚሸሹት አክሲዮን ከሆነ ውሳኔዎ የቆመው በዚያች የ6 ነጥብ ልዩነት ላይ ነው፤ እንግዲህ ስለ ዕድገቱ የበለጠ ማወቅ አለብዎት ማለት ነው።

የዋጋ ንረትና ያቺ 1

የ7 በመቶ ዕድገት ዋጋው በሚረጋበት አገር ጥሩ ነው። እዚህ ግን በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ የወጣበት ጊዜ ነበር፤ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 2016 ላይ ሥራ ላይ ያዋለው የፖሊሲ ወለድም (የባንኮች ወለድ መነሻ የሚሆነው) 15 በመቶ ነበር። አማካይ ንረቱን 14 በመቶ ብንይዝ 1.073 ለ1.14 ሲካፈል 0.94 ይመጣል። የሀ ባንክ አንዲት አክሲዮን ትርፍ በብር እያደገች በጤፍና በዘይት ስትለካ ግን በዓመት 6 በመቶ ገደማ እያነሰች ነው።

ለዚህ ነው ከ1 በታች ሁሉ ርካሽ ነው የሚለውን ደንብ ወደ እኛ ገበያ እንዳለ ማምጣት የማይገባው። 5 የሆነ ፒኢ ኒውዮርክ ላይ ቢታይ ሰው ይሽቀዳደምበታል፤ እዚህ የብዙ አክሲዮን ተራ ዋጋ ሊሆን ይችላል። ፔግን በአንድ ገበያ፣ በአንድ ዓይነት ሥራ፣ በአንድ የበጀት ዓመት ያሉትን እርስ በርስ ለማወዳደር ይጠቀሙበት፤ ባንክን ከባንክ፣ ኢንሹራንስን ከኢንሹራንስ። ከእያንዳንዱ ጎንም ንረቱ የተቀነሰበትን ዕድገት ይጻፉ። ሁሉም ከዜሮ በታች ከሆኑ ፔግ የሚነግርዎት የትኛው ያነሰ እንደሚጎዳ ብቻ ነው፤ ያኔ የትርፍ ድርሻውን ማየት ግድ ይላል።

የትርፍ ድርሻ በተራው ፔግ ውስጥ አይታይም። ብዙ የሚያከፋፍል ኩባንያ በተፈጥሮው ዝግ ብሎ ያድጋል፤ ተራው ፔግ ይበድለዋል። ማስተካከያው ቀላል ነው፤ ዕድገቱ ላይ የትርፍ ድርሻውን መቶኛ ይደምሩና ፒኢውን ለድምሩ ያካፍሉ። የሀ ባንክ 200 ብር ለ1,850 ሲካፈል 10.8 በመቶ ነው፤ 7.3 ሲደመርበት 18.1፤ 5 ለ18.1 ሲካፈል 0.28። ድርሻውን ግብሩ ከተቀነሰ በኋላ ያስሉት፤ ባንኩ ከተጣራው ትርፍ 25 በመቶውን፣ መጠባበቂያው ከካፒታሉ እኩል እስኪሆን ድረስ፣ ለሕጋዊ መጠባበቂያ እንደሚያስቀምጥም ይወቁ። ደግሞም ጉባኤው ድርሻው ለካፒታል ማሳደጊያ እንዲውል ወስኖ ከሆነ በእጅ የገባ ገንዘብ የለም፤ የአክሲዮን ቁጥር ነው የጨመረው። ያንን እንደ ድርሻ ከቆጠሩት አንዱን ገንዘብ እንደ ዕድገትም እንደ ድርሻም ሁለት ጊዜ ቆጥረዋል።

ፔግ የማይሠራባቸው

ኪሳራ ያለበት ኩባንያ ፔግ የለውም። ዕድገቱ ከ3 ወይም ከ4 በመቶ በታች ሲሆን ቁጥሩ ያለ ትርጉም ይገዝፋል። አዲስ የተቋቋመ ባንክ ትርፉ ከ20 ብር ወደ 60 ሲደርስ ዕድገቱ 200 በመቶ ነው፤ ይህ የጅማሬ ትንሽነት ነው እንጂ አቅም አይደለም፤ ቢያንስ አራት ሙሉ ዓመት እስኪሠራ ይተዉት። ከ25 በመቶ በላይ የሆነን ዕድገትም 25 ላይ ይቁረጡት፤ ለረጅም ጊዜ የሚዘልቅበት ኩባንያ እጅግ ጥቂት ነው። ፔግ ዕዳን፣ የተበላሸ ብድርን፣ ገንዘብ ባስፈለገዎት ቀን ገዢ መገኘት አለመገኘቱንም አያይም። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ የሚሆን ገንዘብ ከሆነ የመጨረሻው ከፔጉ ይቀድማል።

ሒሳቡን ገልብጦ ዋጋ ማውጣት

ከሻጭ ጋር ሲቀመጡ የሚጠቅመው ፔጉን ሳይሆን ከዚያ በላይ የማይከፍሉትን ዋጋ ይዞ መሄድ ነው። ለራስዎ የመረጡትን ፔግ በዕድገቱ ያባዙ፣ ውጤቱን አንድ ጊዜ የመጣው ገቢ በወጣለት የአንድ አክሲዮን ትርፍ ያባዙ። የግምት ስህተት እንዳይጎዳን ብለን 0.7 ብንይዝ ለሀ ባንክ 0.7 በ7 በ370፣ 1,813 ብር ይመጣል። ለለ ባንክ 0.7 በ8.5 በ230፣ 1,368 ብር። የሀ ባንክን አክሲዮን 1,850 የሚል ሻጭ ከእርስዎ ቁጥር 37 ብር ብቻ ነው የራቀው፤ መነጋገር ይቻላል። የለ ባንክን 1,960 የሚለው ግን ወደ 600 ብር ይርቃል፤ ጥቂት ቀንስልኝ ብሎ መከራከር አይጠቅምም፣ ሌላ ሻጭ ወይም ሌላ አክሲዮን መፈለግ ነው።

ቁጥሮቹን በአንድ ገጽ ላይ ከነቀኑ ይጻፏቸው፤ ዋጋው የተጠየቀበት ቀን፣ የትኛው ዓመት ሪፖርት፣ ምን እንደተቀነሰ፣ የተያዘው ዕድገት። አዲሱ ሪፖርት በጉባኤ ሲታደል ከሥሩ አዲስ መሥመር ይጨምሩና የአንድ አክሲዮን ትርፉ ከያዙት ዕድገት ስንት ነጥብ እንደራቀ ጎኑ ላይ ይጻፉ።